የወር አበባ ሕመምን በስሙ እንጥራው
(በሚዛን ተፈሪ ለማኅበራችን አባላት ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳቡን ሥራ የምንሠራ ሴቶች በየሳምንቱ የአባላት መቆጣጠሪያ ደብተሩን እናገላብጣለን። ከቀረች አባል ስም ትይዩ ቅጣት ይጻፋል። ለምን እንደቀረች ስትጠየቅ «አሞኝ ነበር» ብላ ዝም ትላለች። ብዙ ጊዜ ነገሩ የወር አበባ ነው፤ ከመናገር ቅጣቱን መክፈል ይቀለናል። በቡና ለቀማ ወራትም ክፍያው በኪሎ ስለሆነ፣ ሕመሙ ያስተኛት ሴት የዚያን ቀን ገቢ ታጣለች።

ሕመሙ ከየት ይመጣል? ማሕፀን ጡንቻ ነው። እርግዝና ካልተፈጠረ በየወሩ የውስጥ ሽፋኑን ያስወግዳል። በዚያን ጊዜ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይመነጭና ማሕፀኑን ያኮማትረዋል። ንጥረ ነገሩ ሲበዛ ማሕፀኑ አጥብቆ ይኮማተራል፤ ቁርጠቱ፣ የወገብ ሕመሙ፣ ማቅለሽለሹና ተቅማጡ ይከተላል። ስለዚህ «ቅብጠት ነው» የምንባለው ውሸት ነው።

የተለመደው ቁርጠት ደሙ ሲጀምር ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ይመጣና ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይለቃል። የማያቃጥል ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሆድ ላይ መያዝ ያስታግሳል። አይቡፕሮፌን የፕሮስታግላንዲንን መመረት ስለሚቀንስ ገና ሲጀምር ምግብ በልቶ ቢወሰድ የተሻለ ይሠራል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለባት፣ እርግዝናም የምትጠረጥር ግን ባለሙያ ሳታማክር አትውሰድ።

«ስትወልጂ ይተውሻል» ሲባል ሰምተናል። አንዳንዶቻችንን ከወሊድ በኋላ ቀሎናል። ከበስተጀርባው ሌላ በሽታ ካለ ግን መውለድ መድኃኒቱ አይደለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው በሽታ የማሕፀንን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ሲያድግ የሚመጣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይገልጻል። ማዮማና የማሕፀን ኢንፌክሽንም አሉ።

ስለዚህ ሕመሙ በየወሩ እየባሰ ከሄደ፣ በግንኙነት ጊዜ ካመመን፣ ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ ወይም ሞዴሱን በየሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ወር አበባ ቀርቶ ድንገት ሆድን በአንድ ወገን አጥብቆ ካመመ ወይም ራስን ካሳተ፣ ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላልና ሳናድር ወደ ሆስፒታል እንሂድ። ብዙ ደም የሚፈሳት ሴት ለደም ማነስም ትጋለጣለች። እኛ የቡና አገር ሰዎች ደግሞ ከምግብ ጋር ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ብረት ወደ ሰውነታችን እንዳይገባ እንደሚቀንስ እንወቅ፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንቆይ።

ከሙያችን የምናካፍላችሁ አንድ ነገር አለ። በትንሽ ደብተር የጀመረበትን ቀን፣ ያቆመበትን፣ የሕመሙን መጠን ከ10፣ በቀን የቀየርነውን ሞዴስ እንጻፍ። የሦስት ወር መዝገብ ይዛ የሄደች ሴት «ሆዴን ያመኛል» ብላ ብቻ ከሄደች ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ትነግረዋለች። ማንበብ ለማትችል እናት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትጻፍላት።

ይህን ጉዳይ በአደባባይ ማንሳት ይቻላል። መቀሌ ላይ የሚታጠብ ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋሙት ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው የተመረጡት በዚሁ ሥራ ነው።

ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ አስቀድማ መልእክት የላከች አባል ምክንያቷን ሳትጠየቅ «ፈቃድ» ተብሎ ይጻፍላት፤ ቅጣትም አይኑርባት። ሁለተኛ፣ ደጋፊዎቻችን በመሰብሰቢያችን ቁልፍ ያለው መጸዳጃ ቤት፣ ውሃ፣ ሳሙናና ሞዴስ እንዲኖር አግዙን። የመጀመሪያው ምንም ወጪ ስለሌለው ዛሬ ድምፅ እንስጥበት።