ዘግይቶ የሚመጣ መንገዳገድ፦ ከፈረስ ውድቀት በኋላ የሚከሰት የአንጎል ጉዳት



የአገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እዚህ እንጅባራ ይከበራል። ፈረስ ባለበት አገር መውደቅም አለ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ወዲያው ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ወይም አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው የሰፋ ሰው አደጋው ግልጽ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ዛሬ የምናገረው ግን አቧራውን አራግፎ እንደገና ኮርቻ ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው።

አጎቴ የዳንግላ ሰው፣ የ71 ዓመት ፈረሰኛ ነበሩ። አንድ ዓመት በመጋቢት ልጠይቃቸው ስሄድ ግራ እግራቸው ይጎተታል፤ ደጃፉን የሚሻገሩት ግድግዳ ተደግፈው ነው። ጎረቤት አረቄ ነው አለ። የተማርሁት እኔ ደግሞ «ጋሼ፣ ዕድሜ ነው» ብዬ ምርኩዝ ገዛሁላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላቸውና ስም ማምታታት ሲጀምሩ በሲቲ ስካን ታዩ። በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መካከል፣ በቀኝ በኩል፣ ደም ተጠራቅሞ ነበር። መቼ ወደቁ ሲባሉ ዝም አሉ፤ ፈረሰኛ ወደቅሁ አይልም። የነገሩን ባለቤታቸው ናቸው፤ በጥር ነበር።

ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል መጠን በጥቂቱ ይቀንሳል። ከአንጎል ወደ ሽፋኑ የሚሻገሩት ቀጫጭን ደም መልሶች ስለሚወጠሩ በቀላል ምት ይበጠሳሉ። ደሙ በዝግታ ይጠራቀማል፤ በዙሪያው የሚበቅሉት ስስ የደም ሥሮችም እየደሙ ይጨምሩበታል። ስለዚህ ምልክቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ይዘገያል። ደም አቅጣኝ መድኃኒት የሚወስድና መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ይበልጥ ይጋለጣል፤ በመሆኑም የሚጠጣ ሰው እንኳ ሲንገዳገድ «አረቄ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

የሚንገዳገድ ሁሉ ግን ሕመሙ አንድ አይደለም። ሚዛንን የሚያስተካክለው ሴሬብለም ሲጎዳ ታማሚው እግሩን አራርቆ ይራመዳል፤ አፍንጫውንና የመርማሪውን ጣት እያፈራረቀ እንዲነካ ሲታዘዝ እጁ ይስታል፤ ንግግሩም ይጎተታል። በተጠራቀመ ደም ግን የአንድ ወገን መድከም፣ ራስ ምታትና የሐሳብ መደናገር ይጎላሉ። ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ ማራመድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ይቻላል። ተማሪዎቼ ይህንን በፈተና አሳምረው ይጽፉታል፤ በሽተኛውን ከአልጋ አስነሥተው ሲያራምዱ ግን እምብዛም አላየሁም።

ለሴሬብለም ጉዳት መንስኤውን ከማከም ጋር ረጅም የፊዚዮቴራፒ ልምምድ ያሻል። የተጠራቀመው ደም ግን የሕመም ምልክት ካስከተለ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ቅል ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ተበስቶ ይፈስሳል። ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ታካሚዎች ስለሚመለስ ክትትል አይቋረጥም። አጎቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ያለ ምርኩዝ ተራመዱ።

እንግዲህ ከፊታችሁ የሚንገዳገድ አዛውንት ሲቀመጥ «ባለፉት 3 ወራት ወድቀዋል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ከገና ወዲህ፣ ከጥምቀት ወዲህ፣ ከፈረሰኞቹ በዓል ወዲህ እያላችሁ በበዓል ቁጠሩላቸው። ከዚያም ባለቤታቸውን ለብቻ ጠይቁ።