«አይሆንም» ለማለትም አደብ አለው

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ስለ ትዳር በሚሰጡ ትምህርቶች ዘወትር የምንሰማው እንዴት እንደሚታጭ፣ መህር እንዴት እንደሚወሰን፣ ኒካህ እንዴት እንደሚታሰር ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ተጫጭቶ የማይጋባ ስንት አለ! ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተዋውቆ፣ ቀን ተቆርጦ ካበቃ በኋላ የአንዱ ልብ ይመለሳል። ያን ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያስተምረን ግን ጥቂት ነው። ስለሆነም ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መጋባት ሳይሆን ስለ መለያየት ነው። ከኒካህ በፊት የተሰጠ ቃል መታጠፉ ግድ ሲሆን ሙስሊም እንዴት አድርጎ ይጠፈው?

ወደዚህ ርእስ ያመጡን አንዲት እናት ናቸው። ከዙህር ሰላት በኋላ በመስጂዳችን ግቢ ጠብቀው አነጋገሩን። ልጃቸው ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከመሄዷ በፊት አንድ ወጣት ሽማግሌ ልኮ አጭቷት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ እየቀነሰች ለቤት መሥሪያ ላከችለት። ከዚያ ልጁ ስልክ ማንሳት ተወ። በመጀመሪያ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ፤ ቀጥሎ መልእክቷን እያየ ዝም አለ፤ በመጨረሻ ቁጥሩን ቀየረ። ሌላ ማግባቱን የሰማችው የአክስቷ ልጅ በላከችላት የሠርግ ፎቶ ነው።

እኛም እንደ ልማዳችን «ቀደር ነው፤ ሰብር ታድርግ» አልናቸው። እናትየው ቀና ብለው አዩንና «ሸሃችን፣ ሰብሩንስ እሷ ታደርጋለች። ልጁን ግን ማን ይምከረው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ለተበዳይ ሰብርን ለመስበክ ምላሳችን ፈጣን ነው፤ ለበዳይ ሐቁን ለመንገር ግን እንዘገያለን። ልጅቱ በስልክ ለእናቷ ያለቻት ደግሞ ከጆሯችን አልጠፋም። «አልፈልግሽም ቢለኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ምነው አንዲት ቃል ነፈገኝ?»

ውድ አድማጮቻችን፣ በቅድሚያ ብይኑን እንግለጽ። ማጨት ማለት የኒካህ ቃል ኪዳን መግባት እንጂ ኒካህ አይደለም። ስለዚህ አንደኛው ወገን በቂ ምክንያት ሲያገኝ ቢመለስ በግድ አይያዝም። እንዲያውም ልቡ እንደማይረጋ እያወቀ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ኒካህ ከሚያስር፣ ልጆች ከወለደ በኋላም ቤት ከሚያፈርስ፣ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። ያለ ምክንያት ቃልን ማጠፍ ግን ሊቃውንት የሚጠሉት ነገር ነው። ቃል ገብቶ ማፍረስ ከመናፍቅ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና።

እንግዲህ ጥያቄው «መተው ይቻላል ወይ?» ብቻ አይደለም። ጥያቄው «እንዴት ነው የሚተወው?» የሚለው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 229ኛው አንቀጽ ስለ ፍቺ ሲደነግግ ለባል ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሰጠው። ወይ በመልካም አኗኗር መያዝ ወይም በበጎ አኳኋን ማሰናበት። በሱረቱል አሕዛብ 49ኛው አንቀጽም ሳይገናኙ ለሚፋቱ ሴቶች መጽናኛ እንዲሰጣቸውና በመልካም እንዲሸኙ ታዟል። ኒካህ ታስሮ እንኳ መሰናበቻው በኢሕሳን ይሁን ከተባለ፣ ገና በቃል ላይ ያሉ እጮኛሞችማ እንዴት በክፋት ይለያያሉ?

የዚህ ኢሕሳን የመጀመሪያው ደረጃ ምንድን ነው ቢባል፣ መናገር ነው። ዝምታ ትሕትና የሚመስላቸው ወንድሞችና እህቶች አሉ። «ፊት ለፊት ብነግራት ትጎዳለች፤ ቀስ በቀስ ስርቅ ራሷ ትረዳዋለች» ይላሉ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የሚሸሹት የእሷን እንባ ሳይሆን የራሳቸውን እፍረት ነው።

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበ አንድ ታሪክ እናስታውስ። የዑመር (ረ.ዐ.) ልጅ ሐፍሷ (ረ.ዐ.) ባሏ በሞተባት ጊዜ አባቷ ለዑስማን (ረ.ዐ.) እንዲያገቧት ጠየቁ። ዑስማን ላስብበት ብለው ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ በዚያ ሰሞን የማግባት ሐሳብ እንደሌላቸው በግልጽ ነገሯቸው። ዑመር ቀጥለው አቡበክርን (ረ.ዐ.) ጠየቁ። አቡበክር ግን ዝም አሉ፤ አንድም መልስ አልሰጡም። ዑመር ስለዚህ ነገር ሲናገሩ፣ እምቢ ካሏቸው ከዑስማን ይልቅ ዝም ባሏቸው በአቡበክር ማዘናቸውን ገልጸዋል። በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐፍሷን አገቧት። ያን ጊዜ አቡበክር ራሳቸው ወደ ዑመር ቀርበው፣ ዝም ያሉት ነቢዩ ስለ እሷ ማንሳታቸውን ያውቁ ስለነበርና ምስጢራቸውን ማውጣት ስላልፈለጉ መሆኑን አስረዷቸው።

አስተውሉ! የአቡበክር ዝምታ በቂ ምክንያት ነበረው። እንዲያም ሆኖ ዑመርን የሚያክል ጠንካራ ሰው አስከፋ። አቡበክርም ቅሬታውን ገምተው፣ ሳይጠየቁ ሄደው አስረዱ። ታዲያ ያለ ምንም ምክንያት ስልክ የሚዘጋ ሰው የአንዲትን ደካማ ልጅ ልብ ምን ያህል ይሰብር ይሆን?

ዝምታው ከስሜት ያለፈ ጉዳትም አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሙስሊም ወንድሙ ባጫት ላይ፣ ያ ሰው እስኪተው ድረስ፣ እንዳያጭ ከልክለዋል። በመሆኑም የታጨች ልጅ በር የተዘጋ ነው። አላህን የሚፈራ ሁሉ «የእገሌ እጮኛ ናት» ብሎ ያልፋታል። አጪው ሳያገባትም ሳይተዋትም ሁለት ዓመት ቢቆይ፣ ከዕድሜዋ ሁለት ዓመት ወሰደባት ማለት ነው። አላህ በሱረቱ-ን-ኒሳእ 129ኛው አንቀጽ ሚስትን ተንጠልጥላ እንደቀረች ሴት አድርጎ መተውን ከልክሏል። አንቀጹ የወረደው ስለ ሚስቶች ቢሆንም፣ እጮኛን አንጠልጥሎ የሚተው ሰው ትምህርቱን ሊወስድ ይገባዋል። ይህ ለሴቶችም ይሠራል። ሌላ የተሻለ እስኪመጣ ድረስ አንዱን ወንድም በተስፋ የምታቆይ እህት ዙልም ውስጥ ናት።

ታዲያ እንዴት ይነገር? መጀመሪያ ኢስቲኻራ ይሰገድ፣ አስተዋይ ሰው ይማከር። ቁርጡ ከታወቀ በኋላ ግን አይዘግይ። በሽማግሌ የተገባ በሽማግሌ ይወጣ፤ ወሊዩ በክብር የሰጠውን ተስፋ በሁለት መስመር የስልክ መልእክት መመለስ ውርደት ነው። ንግግሩም አጭርና ግልጽ ይሁን። «እስኪ እናያለን»፣ «ለጊዜው ይቆይ» የሚሉ ቃላት ለተናጋሪው ይቀሉታል፤ ሰሚዋን ግን ለወራት ያስጠብቋታል።

ከሁሉ በላይ መተው ስለተፈለገ ነውር አይፈለግ። የሣቢት ኢብን ቀይስ (ረ.ዐ.) ባለቤት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ መለየት በፈለገች ጊዜ፣ በባሏ ሃይማኖትም ሆነ ጠባይ ላይ እንከን እንደማታወጣ አስቀድማ መሰከረችለት። ችግሯ ከእሱ ጋር መኖር አለመቻሏና ሐቁን አጓድላ አላህን እንዳታምፅ መስጋቷ ነበር። ነቢዩም መህር አድርጎ የሰጣትን የአትክልት ቦታ ትመልስለት እንደሆነ ጠየቋት፤ እሺ አለች፤ ተለያዩ። ስድብ አልነበረም፣ ሐሜትም አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን አንድ እጮኝነት ሲፈርስ ሰፈሩ ሁሉ «ምን ተገኘባት?» ይላል፤ የልጁ ቤተሰብም ራሱን ነጻ ለማውጣት የሆነ ነገር ይፈጥራል። የልብ አለመስማማት በቂ ምክንያት ነው፤ የሰው ክብር ማጉደፍ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ንብረት ነው። ኒካህ ካልታሰረ ለመህር ብሎ የተሰጠ ገንዘብም ሆነ ወርቅ ይመለሳል። ስጦታን በተመለከተ የመዝሀብ ሊቃውንት የተለያየ ብይን አላቸው፤ ለምሳሌ ከማሊኪያ ሊቃውንት፣ እጮኝነቱን ያፈረሰው ወገን የሰጠውን ስጦታ መልሱልኝ ሊል አይገባውም ያሉ አሉ። ስለዚህ ክርክር ሲነሳ ወደ ዓሊም መሄድ ይገባል። ለቤት መሥሪያ፣ ለንግድ መነሻ ተብሎ የተላከ ገንዘብ ግን ስጦታ አይደለም። ከሰው ቤት ደረጃ ሲጠረግ፣ ሌሊት ልብስ ሲተኮስ የተገኘ ላብ ነው። «በፈቃዷ ነው የላከችው» ማለት በቂያማ ቀን አያድንም። አብረን ለምንኖርበት ብላ እንጂ ለሌላ ሴት ጎጆ ብላ አልላከችም።

ሦስተኛው አማና ነው። ፎቶ፣ መልእክት፣ የቤተሰብ ምስጢር፣ በመተማመን የተነገረ የሕመም ወይም የድህነት ታሪክ፣ ይህ ሁሉ አማና ነው። መለያየት አማናን አያፈርስም። በስልክ የያዘውን ፎቶ «ብትተዪኝ አወጣዋለሁ» ብሎ የሚያስፈራራ ሰው አፍቃሪ ሳይሆን በዳይ ነው። እንዲህ ዓይነት ዛቻ የደረሰባት እህት ለወሊይዋና ለሚመለከተው አካል ትናገር፤ ቤተሰብም ልጁን ትቶ ልጅቱን አይቆጣ። ወደፊት ሌላ ወገን ሊያጭ ፈልጎ ስለ ባሕርይ ቢጠይቅ፣ ለኒካሁ የሚያስፈልገውን እውነት ያህል ብቻ መመለስ ይበቃል።

እዚህ ላይ ለአንዳንድ ወጣት ወንድሞቻችን የምንለው አለን። ያለ ኒካህ በጓደኝነት ሲመላለሱ ቆይተው አላህ ልባቸውን የመለሰላቸው አሉ። አልሐምዱሊላህ! ያን ግንኙነት መተው ግዴታ ነው። ሆኖም አንዳንዱ ተውባ ባደረገ ማግስት አብራው የነበረችውን ልጅ «አንቺ የኃጢአት በር ነሽ፤ ከእንግዲህ እንዳትደውዪ» ብሎ ይገላግላል። ወንድሜ ሆይ፣ በሩን የከፈታችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። አገባሻለሁ ብለሃት ከሆነና የምትችል ከሆነ በሩ ኒካህ ነው፤ ሽማግሌ ላክ። ካልቻልክ ደግሞ ቃል ገብተህ ስላታለልካት ይቅርታ ጠይቃት፣ ዱዓእ አድርግላት፣ ከዚያ ተለያት። ተውባ የአላህን ሐቅ ሲያስተካክል የሰውን ሐቅ አይዘልም።

በመጨረሻም ለተተዉት። በነቢዩ ዘመን በሪራ (ረ.ዐ.) የምትባል ሴት ከባርነት ነጻ ስትወጣ ከባሏ ከሙጊስ (ረ.ዐ.) ጋር የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ተሰጣት፤ መለየትን መረጠች። ሙጊስ በመዲና መንገዶች እያለቀሰ ይከተላት፣ እንባው በጺሙ ላይ ይወርድ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእሱ ፍቅርና የእሷ ጥላቻ እንዴት እንደሚያስደንቅ ለአጎታቸው ለዐባስ (ረ.ዐ.) ነገሯቸው። ከዚያም ወደ እሱ እንድትመለስ አማለዷት። እሷም ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። ምልጃ ብቻ መሆኑን ሲነግሯት እንደማትፈልገው ገለጸች። ነገሩ በዚሁ አበቃ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት እዝነት አለ። ነቢዩ ሙጊስን «ወንድ ሆነህ ታለቅሳለህ?» ብለው አልገሠጹትም፤ ሐዘኑን አይተው አማለዱለት። በሪራንም አላስገደዷት። የአላህ መልእክተኛ አማልደው ያልተጫኗትን፣ እኛ አባቶችና ሽማግሌዎች «ቃላችን ይዋረዳል» ብለን ልጆቻችንን እንዴት እንጫናለን? የተተወ ሰውም ያልቅስ፤ ግን ልብን በጉልበት ማስመለስ እንደማይቻል ይወቅ። መከታተል፣ ማስፈራራት፣ ስም ማጥፋት ፍቅር አይሆኑም።

የእናትየው ጉዳይ የት ደረሰ ትሉ ይሆናል። ከሁለት የመስጂዱ ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ልጁን ጠራነው። በመጀመሪያ ተከራከረ፤ በኋላ አንገቱን ደፋ። «ልነግራት ፈርቼ ነው» አለን። ገንዘቡን በየወሩ ከፍሎ ለመጨረስ ምስክር ባለበት ፈረመ፤ እስካሁን አላቋረጠም። እናትየው ፊትም ለልጅቱ በስልክ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ጥቂት ዝም ብላ «አላህ ይቅር ይበልህ። ይህን ያኔ ብትለኝ ኖሮ!» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከእናንተ መካከል በዚህ ሰዓት ልቡ ተመልሶ አፉ የዘጋ ካለ፣ ከዚህ ዝግጅት በኋላ ውዱእ ያድርግ፣ ሁለት ረክዓ ይስገድ፣ የላካቸውንም ሽማግሌዎች ዛሬውኑ ያነጋግር። አላህ (ሱ.ወ.) የሚለያዩ ጥንዶችን ከችሮታው እያንዳንዳቸውን እንደሚያብቃቃ በሱረቱ-ን-ኒሳእ 130ኛው አንቀጽ ተስፋ ሰጥቷል። የእሱ ችሮታ ለሁለቱም ይበቃል፤ እኛ የምንጠየቀው በአወጣጣችን ነው።

ያ አላህ! ስንይዝ በመልካም የምንይዝ፣ ስንሸኝም በመልካም የምንሸኝ አድርገን። የተሰበሩ ልቦችን ጠግን፤ በስደት ያሉ እህቶቻችንን ጠብቅ፤ ላባቸውንም ከሚበላባቸው አድን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።