የቆሰለችን ዶሮ ስለ ማዳን
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዶሮ ነው። ስለ ዶሮ ርባታ በጠቅላላው አይደለም። ስለ ቆሰለች ዶሮ ብቻ ነው። ጭላት ስለ ቧጨራት፣ ውሻ ስለ ነከሳት፣ በሬ ስለ ረገጣት ዶሮ ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ አባት «ልጄ፣ ደግሞ ለዶሮ ሐኪም ልታመጣብን ነው?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ላም ስትታመም ቤተሰቡ በሙሉ ይጨነቃል። ዶሮ ስትቆስል ግን «ተዋት፣ ትሙት» ይባላል። ወይም ቢላዋ ይሳላል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ያገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ትጥላለች። በብዙ ቤት ጨው የሚገዛው በምንድን ነው? ሳሙናውስ? የልጆቹ ደብተርስ? በእንቁላል ነው። ይህን እናቶች ከአባቶች ይልቅ ያውቁታል። ደግሞ ዶሮዋ 10 ወይም 12 እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። እንዲህ ያለች እናት ዶሮ ስትሞት የጠፋችው አንዲት ዶሮ ብቻ አይደለችም። የታቀፈችው እንቁላል ይበርዳል። የፈለፈለቻቸው ጫጩቶችም የጭላት ሲሳይ ይሆናሉ።

የዶሮ ቁስል ቶሎ ይሽራል። ቆዳዋ ተገሽልጦ ሥጋዋ የታየ ዶሮ እንኳ፣ ከተጠነቀቁላት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትድናለች። ብዙ ጊዜ የሚገድላት ቁስሉ ብቻ አይደለም። ድንጋጤው ነው። ብርዱ ነው። ዝንቡ ነው። የጓደኞቿም ምንቃር ነው።

ስለ ምንቃሩ ትንሽ ላስረዳ። ዶሮዎች ደም ሲያዩ ዝም አይሉም። አንዷ መጥታ ቀዩን ነገር ትነቁራለች። ሁለተኛዋ ትከተላለች። ከዚያ በኋላ ተረባርበው ትንሹን ቁስል ትልቅ ያደርጉታል፤ እስከ ሞትም ያደርሷታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የቆሰለችውን ከሌሎቹ መለየት ነው። መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ለዩዋት።

ስትይዟት አታባርሯት። ሩጫው ድንጋጤዋን ይጨምራል። ጥግ አስይዛችሁ ነጠላ ወይም ጨርቅ ጣል አድርጉባት። ዓይኗ ሲጨልም ፀጥ ትላለች። ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አጥፋችሁ ያዙ። ነገር ግን ደረቷን አትጭመቁ! ዶሮ እንደ እኛ አትተነፍስም። የምትተነፍሰው የደረቷ አጥንት ከፍና ዝቅ ሲል ነው። ደረቷ ከታፈነ በእጃችሁ ላይ ትሞታለች። ልጆች ዶሮ ሲይዙም ይህን ንገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር የተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ አስገቧት። ወይም እንቅብ ድፉባት፤ አየር እንዲገባ ግን በአንድ በኩል በድንጋይ ከፍ አድርጉት። ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ጢስ የሌለበት ቦታ ይሁን። ሰውነቷን ስትነኩ ቢሞቃችሁ «ትኩሳት ይዟታል» ብላችሁ አትደንግጡ። ጤነኛ ዶሮም ከሰው ትሞቃለች፤ ሙቀቷ 41 ዲግሪ ያህል ነው። የሚያሰጋው መቀዝቀዟ ነው።

ውሃ አቅርቡላት። በአፏ ውስጥ ግን አታፍስሱ። የአየር ቧንቧዋ ከምላሷ ሥር ስለሚከፈት ውሃው ወደ ሳንባዋ ይገባል። የምንቃሯን ጫፍ ብቻ ውሃው ላይ ብታስነኳት ራሷ ትጠጣለች።

አሁን ወደ ቁስሉ እንምጣ። ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ጫን በሉት። 5 ደቂቃ ያህል ሳትለቁ ያዙ። ብዙ ሰው ቆመ እንደሆነ ለማየት በየጊዜው ጨርቁን ያነሣል። ያን ጊዜ የረጋው ደም ይነሣና እንደገና ይፈሳል። ጥፍሯ ብቻ ተሰብሮ የሚደማ ከሆነ ጥቂት ዱቄት ነስንሳችሁ ጫን ማለት ይበቃል።

ደሙ ሲቆም ቁስሉ ይታጠባል። ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከዚያ አይበልጥ፤ ጨው ሲበዛ ያቃጥላታል። ውሃውን ቁስሉ ላይ ደጋግማችሁ አንቆርቁሩ። አፈሩ፣ ላባው፣ ኩሱ ተጠርጎ ይውጣ። በዙሪያው ያለውን ላባ በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትንቀሉት። አዲስ የሚያድግ ላባ ውስጡ ደም አለው፤ ሲቆረጥም ሲነቀልም ይደማል። እሱን አትንኩት።

ከታጠበ በኋላ ምን ይቀባ? እዚህ ላይ ነው ጥፋት የሚበዛው። አንዱ ነጭ ጋዝ ይቀባል። ሌላው የመኪና ዘይት ያፈስበታል። አመድና እበት የሚያደርግም አለ። የተባይ መርዝ የሚነሰንስም አይጠፋም። ጋዙ ሥጋውን ያቃጥላል። እበቱ በሽታ ያስገባል። መርዙ ዶሮዋን ገድሎ እንቁላሏን ለሚበላ ልጅም ይተርፋል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ምን አመጣው? ማር አለን አይደለም እንዴ! ንጹሕ፣ ያልተቀላቀለበት ማር ተዋስያንን ይከላከላል፤ ቁስሉም ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። በማግስቱ በጨው ውሃ አጥባችሁ እንደገና ቀቡ። ማር ዝንብና ጉንዳን ይጠራልና ዶሮዋ እስክትሽር ድረስ ከቤት አትውጣ። ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላል ከጣለ በ1 ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። ስለዚህ ጧትና ማታ ተመልከቱ። ትል ካያችሁ በወረንጦ ልቀሙ፤ ቁስሉንም እጠቡ።

ድመት፣ ሸለምጥማጥ ወይም ውሻ የነከሳት ዶሮ ግን የተለየች ናት። ከላይ ሲታይ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ውስጡ ግን ጥልቅ ነው፤ በጥርሱ የገባው ቆሻሻም ከታች ይመግላል። እንዲህ ያለችውን፣ እንዲሁም አንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢቷ ተቀዶ የበላችው የሚፈስባትን፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ውሰዷት። ከረጢቱ ይሰፋል። ለንክሻውም መድኃኒት ይሰጣታል። መድኃኒቱን ስትቀበሉ «እንቁላሏና ሥጋዋ ስንት ቀን አይበላም?» ብላችሁ ጠይቁ። ከቤት የተረፈ የሰው ክኒን ግን አትስጧት።

የእግር ስብራትም ሊጠገን ይችላል። ስብራቱ ከጉልበት በታች ባለው ቀጭን እግር ላይ ከሆነና አጥንቱ ቆዳውን ካልቀደደ፣ መጀመሪያ እግሩን በጥጥ ጠቅልሉ። ሁለት የመቃ ስንጥር በግራና በቀኝ አድርጋችሁ በጨርቅ እሰሩ። በማግስቱ ጣቶቿን እዩ። ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ማሰሪያው ጠብቋልና ፍቱትና አላሉት። 3 ሳምንት ያህል ይቆይ፤ ለጫጩት ከዚያ ያነሰ ይበቃል። የተሰበረ ክንፍ ደግሞ እንደ ልማዱ ታጥፎ በሰፊ ጨርቅ ከሰውነቷ ጋር ይታሰራል፤ ትንፋሽ በማያሳጣት መጠን።

ፈትል የሚፈተልበት ቤት ሌላ አደጋ አለ። ክር በዶሮ ጣት ላይ ይጠመጠማል። ቀስ እያለ ይጠብቃል፤ ጣቱም ጠቁሮ ይወድቃል። ዶሮ ስታነክስ እግሯን አንሥታችሁ ጣት በጣት እዩ። ውስጥ እግሯ አብጦ ጥቁር ቅርፊት ካለበት ደግሞ እሾህ ወግቷታል፣ ወይም ከረጅም ቆጥ በድንጋይ ላይ ስትዘል ቆስላለች። ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፍዝፉላት። ቆጡን ዝቅ አድርጉ፤ ከሥሩም ጭድ አንጥፉ። የጀርባዋ ላባ ብቻ ተመልጦ ከሆነ ጥፋተኛው አውራው ነው። ለ10 ሴት ዶሮ 1 አውራ ይበቃል፤ ሌላውን ለበዓል አስቀምጡት።

ሁሉም ነገር ግን ቁስል አይደለም። ይህን አደራ እላለሁ። አንገቷ የተጠመዘዘ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣት፣ አፏን ከፍታ የምታቃስት ዶሮ ያልተመታች ናት። ይህ ፈንግል ነው። ለፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። የታመመችውን ወደ ገበያ አትውሰዱ። የሞተችውን አርቃችሁ ቅበሩ፤ ለውሻ አትጣሉ። ፊቷና በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ኪንታሮት የመሰለ ቅርፊት ካወጣም ፈንጣጣ ሊሆን ይችላልና «ተነቁራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዶሮ ከነካችሁ በኋላ፣ ቆስላም ሆነ ታማ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

«የማትድን ብትሆንስ?» ትሉኝ ይሆናል። ወገቧ የተሰበረ፣ ሆድ ዕቃዋ የወጣ ዶሮ አትሰንብት። ስቃይዋን ማሳጠር ይሻላል። ጤነኛ ዶሮ በሬ ረግጦ እግሯን ቢሰብራትና ወዲያው ብትታረድ ሥጋዋ ይበላል። አውሬ የገደላትን ግን ክርስቲያኑም እስላሙም አይበላም። ቁስሏ የሸተተ ወይም መድኃኒት የወሰደችም ለምግብ አትሆንም።

እናት ዶሮ ቆስላ ስትለይ ጫጩቶቿን ምን እናድርግ? ዕድሜያቸው ተቀራራቢ የሆኑ ጫጩቶች ያሏት ሌላ እናት ካለች፣ ሲመሽ በክንፏ ሥር ቀስ ብላችሁ አስገቡላት። በጨለማ አትለያቸውም። ጧት ግን ቆማችሁ እዩ፤ የምትነቁራቸው ከሆነ መልሳችሁ ውሰዱ።

የዳነችውም ወደ መንጋው የምትመለሰው እንደዚሁ ነው። ቁስሉ ደርቆ፣ ቀይ ነገር እንዳይታይ ሆኖ ይሁን። በመጀመሪያ 2 ወይም 3 ቀን እየተያዩ ግን ሳይደራረሱ ይዋሉ፤ አጠገባቸው በቅርጫት ውስጥ ሆና እህሏን ትብላ። ከዚያ ማታ ሁሉም ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ በመካከላቸው አስቀምጧት። በማግስቱ ጥሬውን በአንድ ቦታ አትዝሩ፤ በሁለትና በሦስት ቦታ በትኑት። ቢያባርሯትም የምትሸሽበት ሌላ ጥሬ አታጣም።