ሮንድ የሚወጣ ሰው ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከስድስት ኪሎ ሽቅብ በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳ አካባቢ የምንኖር ተማሪዎች ተራችን ሲደርስ ከሠፈሩ ሰው ጋር በፈቃዳችን ሮንድ እንወጣለን። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ግን ጀግንነታችንን ለማውራት ሳይሆን ስሕተታችንን ለመግለጽ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ትልቅ ጥቅል የተሸከመ ልጅ አየንና «ቁም!» አልነው። ደንግጦ ሮጠ፤ ይዘን ጣልነው፤ እጁንም በገዛ ነጠላው አሠርነው። ጥቅሉ ሲፈታ አራት ጋቢ ወጣ። ሌባ ነው ብለን ፈርደን ሳለ አንዲት ባልቴት በራቸውን ከፍተው፥ «ምን ነካችሁ ልጆቼ! ይህ የሸማ ሠሪው ልጅ አይደለም እንዴ? ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው ወደ ገበያ የሚሄደው» አሉን። ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው፤ አልመለሰልንም። ጋቢውን አንሥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሕጉን ገልጠን አየን፤ አስቀድመን ማየት ይገባን ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 50፥ ማንም ሰው ያለ ማዘዣ ለመያዝ የሚችለው እጅ ከፍንጅ የተገኘውን ነው፤ ያውም ቅጣቱ ከሦስት ወር ቀላል እስራት የማያንስ እንደ ሆነ ይላል። አንቀጽ 58 ደግሞ የያዘው ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ እንዲያስረክብ ያዛል። ምታ፥ መርምር፥ ቤት ፈትሽ የሚል ቃል ግን በዚያ አላገኘንም።

አባቶቻችንም አውጫጭኝ ነበራቸው፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል ማለት ነው። ይኸው ዕውቀት ከጠመንጃ ጋር ሲገናኝ ምን እንዳመጣ ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌ ጥበቃዎች አሳይተዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነዋሪው ሠፈሩን እንዲጠብቅ በተጠራ ጊዜም፥ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሰዎች በማንነታቸው እንዳይያዙ ሥጋቱን ገልጦ ነበር።

ሮንዱ ይቅር አንልም፤ ሌብነቱ እውነት ነው። የምንፈልገው የተረኞች ስም በጣቢያው እንዲመዘገብ፥ በዱላውም ፈንታ ፊሽካና ባትሪ እንድንይዝ ነው። ከየሠፈሩም ማለዳ የሚነሣውን ሰው፥ ጋገራውን፥ ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርዱትን እናቶች፥ የምታውቅ እንደዚያች ባልቴት ያለች አንዲት እናት ከእኛ ጋር ብትመክር ደስ ይለናል።

የሚቀጥለው ተራችን ማክሰኞ ነው። የሕግ መምህሮቻችን ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት እንዲሰጡን እንለምናለን፤ ባትሪ ያለውም ያውሰን።