በጉኔይ ላይ ስለ መፍረድ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊው ምልዓተ ጉባዔው እስኪሞላ ድረስ ጥቂት ነገር እንድናሰማ በጠየቁን ጊዜ፣ ስለ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳን የምንናገር መስሏቸው ነበር። ስለ መዋጮው ገንዘብ ያዡ ይነግሯችኋል። የድንኳኑን መቀደድ ደግሞ በክረምቱ ለቅሶ ላይ ዝናቡ በየራሳችን አናት ላይ ነግሮናል። እኛ የተነሣነው ስለ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ሰው ለመናገር ነው። አትሳቁ እንጂ! ይህ ሰው ባለፈው ዓመት በጥር ወር በለቅሶ ቤት ሁለት ሌሊት ሙሉ ሲያከራክረን ያደረ ስለሆነ የእድራችን ጉዳይ ሆኗል። «እኛ» ስንልም ለወጉ አይደለም፤ ሁለት ነን። ሁለታችንም ጡረታ የወጣን የመዝገብ ቤት ጸሐፊዎች ስንሆን፣ አንዳችን ቆመን እንናገራለን፣ አንዳችን ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን እናዳምጣለን።

ድራማው «ኩዜይ ጉኔይ» ይባላል። በቱርክ አገር ካናል ዴ በተባለው ጣቢያ ከ2011 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በ80 ክፍል የታየ ነው። ወደ እኛ የመጣው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከያዘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የአገራችን የጥበብ ሰዎች ሥራችን ይሞታል ብለው ተቃውሞ ማሰማታቸው ይታወሳል። እውነት አልነበራቸውም አንልም። ሆኖም በየቤቱ ገባ፤ ስንት ወጥ እንዳሳረረ የቤት እመቤቶች ያውቁታል።

ላላያችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ኩዜይ ማለት በቱርክኛ ሰሜን፣ ጉኔይ ማለት ደቡብ ነው፤ የሁለት ወንድማማቾች ስም ነው። አባታቸው ሳሚ ዳቦ ቤት ያለው ኃይለኛ ሰው ነው። ጉኔይ በትምህርቱ የበረታ፣ አባቱ ተስፋ የጣለበት ልጅ ነው። ኩዜይ ግን ቁጡ፣ ከምላሱ ቡጢው የሚቀድም፣ አባቱ አይረባም ብሎ የቆረጠበት ነው። ጄምሬ የምትባለዋን የጎረቤት ልጅ ደግሞ ሁለቱም ይወዷታል። አንድ ሌሊት መኪና ውስጥ እያሉ፣ መሪውን ጉኔይ ይዞ ሳለ፣ ሰው ይገጫል፤ ሰውዬው ይሞታል። ኩዜይ «የነዳሁት እኔ ነኝ» ይላል። ጉኔይ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ኩዜይ አራት ዓመት ወኅኒ ይወርዳል። ሲፈታ ወንድሙ የተማረ ሰው ሆኖ፣ ጄምሬም ከወንድሙ ጋር ሆና ይጠብቁታል። ኋላ ጉኔይ በሀብታሞቹ በሲናኔሮች ኩባንያ ገብቶ ይሠራል፤ ጄምሬን ትቶም የነሱን ልጅ ባኑን ያገባል።

እንግዲህ በዚያ ለቅሶ ቤት አንድ ወጣት ይህንኑ ድራማ በስልኩ ሲያይ ድምፁን ሰማንና ካርታውን ትተን ክርክር ጀመርን። ገሚሱ «ከሃዲ ነው፣ የወንድሙን ዕድሜ የበላ» አለ። አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ግን እንዲህ አሉን፤ «ሰው የገጨ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተ አታውቁም። ምላሱ ይታሰራል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። በዚያች ሰዓት አንዱ ቀድሞ ‹እኔ ነኝ› ቢልልህ ዝም ትላለህ። በዚያች ሰዓት አትፍረዱበት።» አንዱ ጭራሽ ተዋናዩን መሳደብ ቢጀምር፣ ቡራ ጉልሶይ እንጀራውን ሠራ እንጂ ምን አደረገህ ተብሎ ዝም አለ።

«ሰው ለሰው» በተባለው ድራማ አርቲስት አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተከራከረ ነበር። አስናቀን ሁሉ ረግሞት ቡናውን ይጠጣል፣ አለቀ። የጉኔይ ነገር አስቸጋሪ የሚሆነው ክፉ ስላልሆነ ነው። እናቱን ይወዳል፣ ይማራል፣ ይለፋል፣ ንጹሕ ይለብሳል። ጎረቤታችን ቢሆን ኖሮ ለእድሩ ጸሐፊነት እንመርጠው ነበር። ይቅርታ፣ ክቡር ጸሐፊ፣ እርስዎን ማለታችን አይደለም።

በሁለተኛው ሌሊት አንዲት እናት የንፍሮውን ሰፌድ ይዘው ከጓዳ ወጡና ቆም ብለው አዳመጡ። ቀጥለውም «የሞተው ሰውዬስ?» አሉ። ዝም አልን። «ሁለት ሌሊት ስለ ሁለት ጎረምሳና ስለ አንዲት ኮረዳ ትከራከራላችሁ። የሞተውን ሰው ማን ቀበረው? የሱ ቤተ ሰብ ያልገደለውን ልጅ ሲረግሙ ኖሩ ማለት ነው እኮ!» አሉን። እኛ ሰው መቅበርን ሥራችን ብለን የተሰበሰብን ማኅበርተኞች ሬሳውን ረስተን ስለ ፍቅር እንከራከር ነበር። ንፍሮውን አስቀምጠው ተመለሱ።

በዚያ ክርክር ከሁሉ የከረርነው እኛ ሁለታችን ነበርን። ጉኔይ ይቅርታ አይገባውም ብለን ጠረጴዛ መታን። እቤታችን ስንገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለን፤ አንዳችን በአንዳችን ቤት፣ በየራሳችን አልጋ ላይ፣ አንድ ዓይነት ነገር ስናስታውስ ነው ያደርነው። በማግሥቱ ስንገናኝ ሳንነጋገር ተዋወቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1979 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ አራት ሆነን መዝገብ ቤት እንሠራ ነበር። ከአራታችን ሁለቱን ይኸው እድር ቀብሯቸዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። በዚያን ጊዜ የአንድ የሞተ ሠራተኛ ፋይል ጠፋ። ባለቤቱ የጡረታ አበሏን ለማስጀመር ያ ፋይል የግድ ያስፈልጋት ነበር። የርክክብ ደብተሩ ሲታይ ፋይሉን ተላላኪው ተቀብሎ ወደ ሒሳብ ክፍል እንደ ወሰደው ይናገራል፤ ፊርማውም አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ደብተሩን ቀድመን እየሞላን፣ ተላላኪውን ማታ ማታ በጅምላ እናስፈርመው ነበር። ልጁ ያምነናል፤ ሳያይ ይፈርማል።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንድ በአንድ ተጠየቅን፤ አራታችንም «ሰጥተነዋል» አልን። እሱ «ይኼን ፋይል በዓይኔም አላየሁት» አለ። ማን ይመነው? ተላላኪ ነው፤ አርፍዶ በመምጣት ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። እኛ አራት የታወቅን ጸሐፊዎች ነን። የአንድ ወር ደመወዙ ተቆረጠና ወደ ጥበቃ ተዛወረ።

እዚህ ላይ ነው የዳቦ ጋጋሪው የሳሚ ነገር የገባን። የኩዜይ ውሸት ያለ ችግር ያለፈው ለምንድን ነው? አባቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ቀድሞውኑ ከኩዜይ መጥፎ ነገር ይጠብቁ ስለነበረ ነው። ማንም «እስቲ መሪውን የያዘው ማን ነው?» ብሎ አልመረመረም፤ ጥፋቱ ሲወለድ ባለቤቱ ተዘጋጅቶለት ነበር። ለተላላኪያችንም እንደዚሁ።

ሰባት ወር ቆይቶ ፋይሉ ተገኘ። ስሙ በሚመሳሰል በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተሸጉጦ ነው ያገኘነው። ከአራታችን በማን እጅ እንደገባ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ለማወቅም አልፈለግንም። በጸጥታ ወደ ቦታው መለስነው። ሴትዮዋ ሰባት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ረቡዕ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አቁማ «ተገኘ ወይ?» ስትለን ኖራለች። ሲገኝ ጉዳይዋ አለቀላት፣ እኛንም መርቃን ሄደች። ምርቃቱን ተቀበልን።

የልጁን ነገር ግን ማንም አላነሣም። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጧት ጧት «እንደምን አደራችሁ፣ ጋሼ» ይለናል። መጀመሪያ አንገታችንን ሰብረን እናልፍ ነበር። ቀጥሎ በጓሮ በር መግባት ጀመርን። ከዚያም፣ ይህን ስንናገር ያሳፍረናል፣ ልጁን መጥላት ጀመርን። ሰላምታው ሽሙጥ ሆኖ ይሰማን ገባ። ሻይ ስንጠጣ አንዳችን «ቀድሞም ዝርክርክ ነበር» እንላለን፣ ሌሎቻችን «መች ጠፋን» እንላለን። ዓመት ሳይሞላው ያልነውን እኛው ራሳችን አመንነው።

ጉኔይ ወንድሙ ከወኅኒ ሲወጣ ፊቱን እንዴት እንደሚያከብድበት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ጨካኝ ስለሆነ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን የማይከፈል ዕዳ ነው። የመቶ ብር አበዳሪህን ሰላም ትላለህ፤ የአራት ዓመት ዕድሜውን የሰጠህን ሰው ግን ባየኸው ቁጥር ማን እንደሆንክ ይነግርሃል፤ አፉን ባይከፍትም ይነግርሃል። ስለዚህ ወይ ዕዳህን ትናገራለህ፣ ወይ ሰውዬውን ትጠላለህ። በርግጥ ኩዜይም ፍጹም ሰው አይደለም፤ ለፍርድ ቤት ዋሽቷል፣ ያልተለመነውን ስጦታ ሰጥቶ ወንድሙን በማይፈታ ገመድ አስሮታል። ተላላኪያችን ግን እንዲያ እንኳ አላደረገም፤ ከእጁ የወሰድነው እኛ ነን። እንዲህ ስናስበው ጉኔይ ከኛ ይሻላል።

በጉኔይ ላይ ታዲያ ምን እንፈርዳለን? አሁንም ጥፋተኛ ነው እንላለን። ነገር ግን በዚያ ለቅሶ ቤት ክሱን በትክክል አልጻፍነውም ነበር። ሾፌሩ እውነታቸውን ነው፤ በዚያች ሌሊት፣ በዚያች ደቂቃ፣ የሚፈርድበት የለም። ይሁን እንጂ አራት ዓመት በቀን ሲመታ 1,461 ጧት ይሆናል። በያንዳንዱ ጧት ጉኔይ ፊቱን ታጥቦ፣ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነበር። የሚከሰሰው ስለ ጧቶቹ ነው። የኛን ጧቶች ደግሞ ቁጠሩት ብንላችሁ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ነውና ይደክማችኋል።

በ2011 ዓ.ም. ከአራታችን ሁለተኛው ባረፉ ጊዜ ያ ልጅ፣ ዛሬ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ከሩቅ ሰፈር ለቀብር መጣ። የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ያን ጊዜም አልተናገርንም፤ የቀብር ቦታ ነው፣ ተገቢ አይደለም ተባባልን። ተገቢ ቦታ መፈለግ ከጀመርን ቆይተናል።

ባለፈው ሚያዝያ ቡናና ስኳር ይዘን ቤቱ ሄድን። አስቀመጠን፣ ጠላ አስቀዳልን። ሁለታችንም እየተጋገዝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርነው፤ ሴትዮዋንም ፈልገን እንዳላገኘናት ነገርነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ እንዲህ አለን፤ «እኔስ ለምጄዋለሁ፣ ጋሼ። ልጄ ናት። ትንሽ ልጅ ሳለች ‹አባትሽ ፋይል ሸጦ የተቀጣው ሰውዬ› ብለዋታል። ጠፋ የተባለው በሰው አፍ ውሎ አድሮ ሸጠ ሆነ። አንድ ቀን ጠይቃኝ ‹አልሸጥኩም› ብላት፣ እሺ ብላ ዝም አለች። ያቺ እሺ ናት የቆጨችኝ።» ይቅርታ አድርጌላችኋለሁም፣ አላደረግኩምም አላለንም። እኛም አልጠየቅነው። «በቃል አይሆንም። እናንተ ጸሐፊዎች ናችሁ፤ ጻፉልኝ» አለ።

ጻፍንለት። ካርቦን ዛሬ ከየት ይገኛል? ሦስቱንም ቅጂ በእጃችን ገለበጥን፤ እጃችን ቢንቀጠቀጥም ጽሕፈቱ ይነበባል። ቀን ጻፍንበት፣ ሁለታችንም ፈረምንበት፤ ስለ ሁለቱ ሟቾች ግን በሌሉበት ምንም አልጻፍንም። አንዱን እሱ ወሰደ፣ ሌላውን ለልጁ ሰጠ። ሦስተኛውን ዛሬ ከስብሰባው በፊት ከእድራችን መዝገብ ጋር እንዲቀመጥ ለክቡር ጸሐፊያችን አስረክበናል። ጸሐፊው ከዳር እስከ ዳር ካነበቡት በኋላ በርክክብ ደብተሩ ላይ ፈርመዋል።