ጎርፉ ከደረቀ በኋላ



ሂዩስተን የምንኖር ሁሉ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2017ን አንረሳውም። ሃርቪ የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ በ25ኛው ቀን የቴክሳስን ጠረፍ ከመታ በኋላ ለቀናት ዝናቡን አወረደው። ከከተማችን በስተምሥራቅ ባለችው ኔደርላንድ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ተለክቷል። በዚያ ሰሞን ምግብ፣ ውሃና ብርድ ልብስ ይዞ የሚመጣ አልጠፋም። ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ግን ጋዜጠኞቹ ከሄዱ በኋላ ስለሚቀረው ሥራ ነው።

የራሰውን ግድግዳ ማፍረስ የቀናት ጉዳይ ነው፤ ቤቱን መልሶ ማቆም ግን ዓመታት ይፈጃል። እዚህ አገር ከዚህ ሸክም ብዙውን የሚያነሡት የእምነት ድርጅቶች ናቸው። ሜኖናይቶች ከ1950 ጀምሮ አናጢዎቻቸውን እያሰባሰቡ አደጋ ወደ ደረሰበት ይልካሉ። ሜቶዲስቶችም ካቶሊኮችም የየራሳቸው ድርጅት አላቸው። አሠራራቸው የአገራችንን ደቦ ይመስላል። አንድ ጉዳይ ተከታታይ ከተጎጂው ጋር ተቀምጦ ወረቀቱን ያሟላል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የችግረኛው ስም ብዙ ጊዜ አይነሣም፣ ጉዳዩ በቁጥር ይቀርባል። አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ጣውላ፣ አንዱ ጉልበት ያዋጣል።

እኛስ? ለሐዘንተኛ ፈጥኖ በመድረስ እንኳ አንታማም። ችግራችን ከሠልስት በኋላ ነው። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን እንደማይሸፍን ብዙዎቻችን ያወቅነው ውሃው ሳሎን ከገባ በኋላ ነው። ከፌማ የሚመጣ የእምቢታ ደብዳቤም ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ጎድሏል ማለት ብቻ ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባልበታል። ይህን በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ያጣ ወገን ግን ደብዳቤውን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ ቀኑም ያልፋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ከመካከላችን ጥቂት ሰዎች የጉዳይ ተከታታይነት ሥልጠና ይውሰዱ። አደጋ ከደረሰ ስድስት ወር እስኪሞላው የማይነካ ገንዘብም ለብቻው ይቀመጥ፤ ለዛሬው ድግስ ካወጣነው ባያንስ ደስ ይለናል። የኦርቶዶክሱም፣ የወንጌላውያኑም፣ የመስጊዱም ሽማግሎች በዚያ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ይቀመጡልን። በሌላው ነገር ባንስማማ ጣሪያ ለመምታት አያግደንም።

የአውሎ ነፋሱ ወራት ጁን 1 ይጀምራል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ስለተቀመጠ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና የምትችሉትን ሙያ ጻፉልን።