ስለ አዋላጆችና ስለ ጤና ጎብኚዎች ለዘንዘልማ መምህራንና ሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



የነፍሰ ጡር አንድ እግሯ በምድር፥ አንድ እግሯ በመቃብር ነው ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። ምጥ በመጣ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ማርያም ማርያም ይላል፤ የልምድ አዋላጅም ትጠራለች። እርስዋም ወገብ ደግፋ፥ ልጅ ተቀብላ፥ እናቲቱን አጽናንታ ትመለሳለች። ስለዚህ ክብር እንጂ ነቀፌታ አይገባትም። ነገር ግን ደም ያለ ልክ ቢፈስ የሚያቆም መድኃኒት በእጅዋ የለም፤ ሕፃኑ በማኅፀን ተጋድሞ ቢገኝ በኦፕራሲዮን የሚያወጣ ሐኪም በጎጆ ውስጥ አይገኝም። እትብቱም ባልነጻ ምላጭ ቢቈረጥ መንጋጋ ቈልፍ የተባለው በሽታ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተጀመረው ሥራ ለጣና ዳር ሰው ሩቅ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ከሐይቁ በስተ ሰሜን በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። በሚከተለው ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያም የጤና መኰንኖች፥ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞች በአንድነት ይማሩ ነበር። የነርስዋ ሥራ በጤና ጣቢያ ተቀምጣ በሽተኛን መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ነፍሰ ጡርን መመርመር፥ ማዋለድና አራስን መጎብኘት ጭምር ነበር እንጂ። በ2003 ደግሞ መንግሥት ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን መመደብ ጀመረ።

በአገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ተገለጸው፥ ሕፃናት በሕይወት ከተወለዱባቸው ከ100,000 ወሊዶች በ2000 የሞቱት እናቶች 871 ሲሆኑ፥ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። መቀነሱ መልካም ነው፤ ቢሆንም እናት የሌለው ቤት ጨለማ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ምጥ ቀናት የፈጀባት ሴት ከሞት ብትተርፍ እንኳ ፊስቱላ ሊያገኛት ይችላል፤ ለዚህም ሕመም በ2005 በባሕር ዳር የሐምሊን ማእከል ተከፈተ።

ሊቃውንት የእናትን ሞት ከሦስት መዘግየቶች ያገናኙታል። የመጀመሪያው በቤት ቈርጦ አለመነሣት፥ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፥ ሦስተኛው በሐኪም ቤት መዘግየት ነው። ሁለተኛውን መንገድና አምቡላንስ ያቃልሉታል፤ ለሦስተኛው ሐኪሞችና መንግሥት ይጠየቃሉ። የመጀመሪያው ግን በባል፥ በአማትና በሽማግሌ ቃል የተያዘ ነው። ዘንዘልማ ለባሕር ዳር ቅርብ ናት፤ ነገር ግን ምክር ለዘገየበት ቤት ቅርቡ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው።

እንግዲህ መምህር የአደጋውን ምልክት ለተማሪዎቹ ያስተምር፤ ይኸውም ደም መፍሰስ፥ መንዘፍዘፍ፥ ብርቱ የራስ ምታት ከዓይን መፍዘዝ ጋራ፥ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ያልተፈታ ምጥ ነው። ሽማግሌም ወርዋ ሳይገባ ቃሬዛ የሚሸከሙትን ጎልማሶችና የመንገዱን ገንዘብ ያሰናዳ። የልምድ አዋላጅዋም ከወላድዋ ጋራ አብራ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ የምታውቀው እጅ ሲይዛት ወላድዋ አትፈራምና። እናት የተረፈች እንደ ሆነ ገንፎው በደስታ ይበላል፤ እልልታውም ከመንደር መንደር ይሰማል።